«ተቀኘ» ከየት መጣ? ከ«ቅኝ ግዛት» ጋርስ ምን አዛመደው?

በትምህርት ክፍላችን ብዙዎቻችን የእንግሊዝኛን ብርቅ ግሦች አመጣጥ ማንበብ እንወዳለን። አንድ ያልተለመደ ግሥ ሲያጋጥመን መዝገበ ቃላት እንገልጣለን፤ «ከላቲን የመጣ ነው፣ በጥንት ጊዜ እንዲህ ማለት ነበር» የምትለዋን ትንሽ ማስታወሻ እናነባለን፤ ከዚያም ለጓደኛ እናወራለን። ደስ የሚል ልማድ ነው። ለአማርኛ ግሦች ግን ይህን ስናደርግ ብዙም አይታይም። ለምን ቢባል፣ ቃሉን በየቀኑ ስለምንሰማው የምናውቀው ይመስለናል። እኔም ለዚህ እትም ከራሳችን ግሦች አንዱን አንሥቼ ትርጉሙንና የትውልድ ሐረጉን ላሳያችሁ አስቤአለሁ። ግሡ «ተቀኘ» ነው።

«እንዴ! ተቀኘ ደግሞ ብርቅ ግሥ ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በጽሑፍ ሞልቷል። «ገጣሚው ስለ ፍቅር ተቀኘ»፣ «ድምፃዊቷ ስለ ዓባይ ተቀኘች» ሲባል እናነባለን። ነገር ግን በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ «ተቀኘ»ን አውጥታችሁ «ግጥም ጻፈ» ወይም «ዘፈነች» ብትተኩበት የሚጎድል ነገር የለም። ቃሉ ጌጥ ሆኗል ማለት ነው። በገዛ ሥራው ላይ የዋለው «ተቀኘ» የሚሰማው በጥቂት ቦታ ነው። ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር አገር፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ነው። እዚያ በዓል ውሎ ሰው ከቤተክርስቲያን ሲመለስ «ዛሬ ማን ተቀኘ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው «ማን ግጥም ጻፈ?» ማለት አይደለም። የጻፈ ሰው የለማ! ጥያቄው የዕለቱን ሥራ ማን ሠራው፣ ማኅሌቱ ላይ ተራው የማን ነበር እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ የምለው ነገር ይህ ነው። «ተቀኘ» በሚለው ቃል አንጀት ውስጥ ግጥም የለም፤ ምሥጢርም የለም። ያለው መገዛትና ሥራ ነው። ክፍል ውስጥ «ተቀኘ ማለት በሰምና ወርቅ ተናገረ ማለት ነው» እየተባለ የሚሰጠው ፍቺ ዛፉን ትቶ ፍሬውን ብቻ የሚያሳይ ነው።

ወደ ቃሉ ከመግባቴ በፊት ስለ አገሩ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ይህ ግሥ ያለ አገሩ አይገባም። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በቻይና መንገድ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ ታክኮ ነፋስ መውጫ ይደርሳል። ነፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ከተማ ናት፤ ስሟም ውሸት የለበትም። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ታች ጋይንት አለ፤ ከተማው አርብ ገበያ። ወገዳ ደግሞ የስማዳ፣ መካነ ኢየሱስ የእስቴ ከተማ ነው። የስማዳ ቆላ እስከ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል፤ የእስቴ ወገን ወደ ዐባይ ያዘነብላል።

አሁን ካርታውን በአእምሯችሁ ዘርጉት። በአገራችን የቅኔ ትምህርት ሦስት ስመ ጥር ቤቶች አሉት፦ ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ። ዋድላ በወሎ በኩል፣ ከጋይንት በስተምሥራቅ ነው። ጎንጅና ዋሸራ ዐባይን ተሻግሮ ጎጃም ነው። የጋይንትና የእስቴ ልጅ በመካከል ተወልዶ በአንዱ በኩል ለዋድላ፣ በሌላው በኩል ለጎንጅና ለዋሸራ ጎረቤት ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሲሄድ ኖሯል። በጋይንት ምድር ደግሞ ሁለት የዜማ አድባራት አሉ። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ በአገራችን በስፋት የሚዜመው ድጓ የቤተልሔም ነው። ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ቤት ነው፤ ትውፊቱም ትምህርቱን ከቅዱስ ያሬድ ጋር ያያይዘዋል። ድጓ የፈለገ ከየአገሩ ወደ ቤተልሔም ይመጣል፤ ዝማሬ የፈለገ ወደ ዙር አምባ። ስለዚህ በዚህ አገር የቤተክርስቲያን ትምህርት ቃላት የመጽሐፍ ቃላት ብቻ አይደሉም፤ ገበሬውም ይናገራቸዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ በ1755 እ.ኤ.አ. የታወቀውን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። የብርቅ ቃላት ወዳጆች ሁሉ አያት በሉት። ይኸው ሰው ከአራት ዓመት በኋላ አገራችንን ሳያይ ስለ አንድ የኢትዮጵያ ልዑል «ራሴላስ» የተባለ ልብ ወለድ ጻፈ። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት የዚያን ልቦለድ ተራሮች እፈልጋለሁ ብሎ መጥቶ ቤተልሔም ደረሰ። ከውጭ ሲታይ ተራ የሣር ክዳን ባለው ክብ ቤት ውስጥ፣ በድንጋይ የታነፀ ጥንታዊ ባለአራት ማዕዘን ቤተክርስቲያን አገኘ፤ በ1959 እ.ኤ.አ. «የራሴላስ ተራሮች» ባለው መጽሐፉም ተረከው። ታሪኩ ለእኔ ጉዳይም ምሳሌ ይሆነኛል። «ተቀኘ»ም እንደዚያ ቤት ነው፤ ውጪው ሌላ፣ ውስጡ ሌላ።

ወደ ውስጡ እንግባ። መጀመሪያ ድምፁ። በአማርኛ «ኘ» የምትባለው ፊደል በግዕዝ የለችም። ታዲያ ከግዕዝ የወረስናቸው ቃላት ውስጥ «ኘ» ስናይ ከየት መጣች ብለን መጠየቅ አለብን። ብዙውን ጊዜ «ነ» እና «የ» ሲጎራበቱ ተዋሕደው የወለዷት ናት። ግዕዙ «ሰኑይ» ይላል፣ አማርኛው «ሰኞ»። ግዕዙ «ተመነየ» ይላል፣ አማርኛው «ተመኘ»፤ ከእሱም «ምኞት»። ይህ ሕግ እስከ ዛሬ በአፋችን ላይ በሕይወት አለ። «ለመነ» ብለን «ለማኝ»፣ «ዘፈነ» ብለን «ዘፋኝ» የምንለው «ነ» ከ«ኢ» ድምፅ ጋር ስትገናኝ ስለምትለሰልስ ነው። በዚሁ መንገድ የግዕዙ «ተቀንየ» በአማርኛ «ተቀኘ» ሆነ። ስለዚህ ዋናው ሥር «ቀነየ» ነው፤ ሦስቱ ፊደላት ቀ፣ ነ፣ የ።

«ቀነየ» በግዕዝ ምን ማለት ነው? ገዛ፣ አስገበረ፣ አሠራ፣ ባሪያ አደረገ ማለት ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) ያየ፣ የቮልፍ ሌስላውንም (1987 እ.ኤ.አ.) ያየ ሰው በዚህ ነጥብ ላይ ክርክር አያገኝም። «ተ» ሲጨመርበት «ተቀንየ» ይሆናል፦ ተገዛ፣ አገለገለ፣ ለሌላ ሠራ። ከግሡ የወጣው ስም «ቅኔ» ነው። ቅኔ በግዕዝ መጻሕፍት ባርነትም ነው፣ አገልግሎትም ነው፣ ዝማሬም ነው።

ለማረጋገጥ የፈለገ የግዕዙን ወንጌል ይክፈት። ማቴዎስ 6፥24 ላይ ለሁለት ጌቶች መገዛት የሚችል ማንም እንደሌለ ሲነገር፣ «መገዛት» የተባለው በግዕዙ «ተቀንዮ» ነው። መዝሙር 2፥11 ላይ ለእግዚአብሔር በፍርሃት ተገዙ የሚለው ትእዛዝ በግዕዙ «ተቀነዩ» ነው። ልብ በሉ፤ በወንጌሉ ቦታ ግሡ ለገንዘብ መገዛትንም ይሸፍናል። ግሡ በራሱ ቅዱስም ርኩስም አይደለም፤ ጌታው ማን ነው የሚለው ነው የሚወስነው።

ይህን ሥር ግዕዝ ብቻውን አልያዘውም። ዕብራይስጥ «ቃና» ይላል፤ ገዛ፣ አፈራ፣ የራሱ አደረገ ሲል። በዘፍጥረት 4፥1 ሔዋን የበኩር ልጇን ቃየን ብላ ስትሰይም በዕብራይስጡ የተጫወተችው በዚህ ግሥ ነው። በደቡብ ዐረቢያ የድንጋይ ጽሑፎችም ሥሩ የንብረት ቃል ነው። (በነገራችን ላይ «ጉባኤ ቃና» የሚባለው የቅኔ ዓይነት ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ያ ቃና ሰርጉ የተደገሰባት የገሊላዋ ቃና ናት። ብዙ ሰው ያምታታዋል።)

«በገንዘብ መግዛት» እና «ሕዝብን መግዛት» እንዴት አንድ ቃል ሊሆኑ ቻሉ? ለፈረንጅ ተማሪ ይህን ማስረዳት ያደክማል። ለእኛ ግን ማስረጃው አፋችን ላይ ነው። «በሬ ገዛ» እንላለን፣ «አገር ገዛ» እንላለን። አንድ «ገዛ» ነው። የራስ ማድረግ ነው፤ ከብትም ይሁን፣ መሬትም ይሁን፣ ሰውም ይሁን። ግዕዙ «ቀነየ» የሄደበትን መንገድ አማርኛው «ገዛ» ደግሞ ሄዶታል።

አሁን አስቸጋሪው ጥያቄ መጣ። ባርነትና ሥራ የነበረ ቃል እንዴት መዝሙር ሆነ?

መልሱ የቤተክርስቲያን ሰው ጸሎትን ሥራ ብሎ ስለሚያስበው ነው። ስሜት አይደለም፣ ሥራ ነው። ሰዓት አለው፣ ተራ አለው፣ ድካም አለው፣ ተቆጣጣሪ አለው። በዕብራይስጥ «ዐቮዳ» የሚለው ቃል የጉልበት ሥራም ነው፣ የቤተ መቅደስ አምልኮም ነው። ግሪኮች የቅዳሴን ሥርዓት «ሊቱርጊያ» ያሉት ለሕዝብ ከሚሠራ የውዴታ ወይም የግዴታ ሥራ ስም አንሥተው ነው። እንግሊዞችም የእሑድ ጸሎታቸውን «ሰርቪስ» ይሉታል፤ ያው አገልግሎት ነው። እኛ አገር «ሰርቪስ» የመሥሪያ ቤት አውቶቡስ ሆኖ ቀረ እንጂ! ስለዚህ ግዕዝ ዝማሬን «ቅኔ» ሲል ያልተለመደ ነገር አላደረገም። መላውን አገልግሎት «ቅኔ» አለ፤ የመዘምራኑንም ስፍራ እስከ ዛሬ «ቅኔ ማኅሌት» እንላለን። ኋላ ስሙ ጠበብ እያለ መጥቶ በአገልግሎቱ ውስጥ ላለችው፣ አዲስ ሆና ለምትፈጠረው ድርሰት ተሰጠ።

ለምን ለእሷ? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ እዚህ ነው። ድጓው የተጻፈ ነው፤ ትናንት የተባለው ዛሬም ይባላል። ዝማሬውም እንዲሁ። ቅኔ ግን በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ የተባለን ቅኔ በሌላ ቀን ደግሞ ማቅረብ በሊቃውንቱ ዘንድ ነውር ነው፤ የሌላውን ሰው ወስዶ ማቅረብማ ስርቆት ነው። ስለዚህ ቅኔ እንደ እርሻ ነው፤ አምና የታረሰው ለዘንድሮ አያገለግልም። ከአገልግሎቱ ሁሉ «ሥራ» የሚለው ስም በጣም የሚገባው ይኸኛው ነው።

ቦታውም እንደ ሥራ የተከፈለ ነው። ዋዜማ በዋዜማው ጸሎት ላይ ይባላል። መወድስ በማኅሌቱ ቦታ አለው። ዕጣነ ሞገር ከዕጣኑ ጋር ተያይዟል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። ተቀኚው ሐሳብ መጣልኝ ብሎ ሲያሻው አይነሣም። ቦታው ሲደርስ፣ ተራው ሲሆን፣ በልኩ ያቀርባል፤ ዜማውንም ተቀብለው ያስኬዱታል። ጋይንት ውስጥ «ማን ተቀኘ?» የሚለው ጥያቄ ከ«ማን ቀደሰ?» ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

በቅኔ ቤት የሚነገሩት ሌሎች ግሦችም ይህንኑ ያሳያሉ። ተማሪው በመጀመሪያ ግሥ ያወርዳል፤ «ቀተለ፣ ቀደሰ» እያለ የግዕዝን ግሥ በየቤቱ በቃሉ ይይዛል። ማታ የኔታ ቅኔ ይነግራሉ። በማግሥቱ ተማሪው ከሰው ርቆ፣ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ፣ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። «መቁጠር» ነው የሚሉት፤ ቤቱንና ልኩን እየመጠነ ስለሚያዘጋጅ ነው። የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርማሉ። እነዚህ ሁሉ መለማመጃ ናቸው። «ተቀኘ» የሚባለው፣ በጥብቅ ስንናገር፣ ለማኅሌቱ ወይም ለጉባኤው ሲያቀርብ ነው። ዛፍ ሥር የተቀመጠው ቆጠረ እንጂ ገና አልተቀኘም።

«ዘረፈ» የሚባለውን ሳላነሣ ባልፍ የአገሬ ሰዎች ይታዘቡኛል። «ቅኔ ዘረፈ» ይባላል፤ ባለሙያው ደግሞ «ቅኔ ዘራፊ»። ለማያውቅ ሰው ያስደነግጣል። ዘራፊ ዱር ውስጥ ነው የሚጠበቀው እንጂ ቤተክርስቲያን ውስጥ ማን ይጠብቀዋል? ሁለቱን የሚያገናኘው ድንገተኝነቱ ይመስለኛል። ዘራፊ አያስጠነቅቅም፣ ቀጠሮ አይሰጥም። ቅኔ ዘራፊም ሳይቆጥር፣ ሳይጽፍ፣ እዚያው ቆሞ ካፉ ያወጣዋል። ስለዚህ «ዘረፈ» ስለ አኳኋኑ ነው የሚናገረው፣ «ተቀኘ» ስለ ተግባሩ። አንድ ሰው ዘርፎ ሊቀኝ ይችላል፤ ቆጥሮ መጥቶም ሊቀኝ ይችላል። ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ የሚያዩ ጽሑፎች አንብቤአለሁ፤ አልስማማም።

ሰምና ወርቅስ? ሰምና ወርቅ ከቅኔ መንገዶች አንዱ ነው። ውስጠ ወይራ አለ፣ ኅብር አለ፣ አንጻር አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ አሠራር አለው። በእርግጥ ሰምና ወርቁ ገንኖ ወጥቷል። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ባህል የጻፈውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ከሰየመው በኋላ ደግሞ በውጭ አገር ምሁራን ዘንድ የቅኔ ሌላ ስሙ እስኪመስል ድረስ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ «ሐበሻ ነገሩ ሁሉ ቅኔ ነው» የሚል አባባል መጣ፤ ነገር የሚሸፋፍን ሰው ሁሉ «ተቀኘ» ተባለ። በዚህ አካሄድ ጎረቤቱን በአሽሙር የወጋም ተቀኘ፣ ንግግሩን ያድበሰበሰ ባለሥልጣንም ተቀኘ። ይህ ለየኔታ ቢነገራቸው ምን እንደሚሉ እገምታለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ሥራቸው መደበቅ ሳይሆን ማገልገል ነበር። ወርቁም የሚፈታ ነው፤ ከማኅሌት በኋላ ተማሪው ቁጭ ብሎ እየፈታ ይማርበታል።

ከዚሁ ሥር የወጡ ሌሎች የአማርኛ ቃላት አሉ። አንዱ «ቃኘ» ነው። ክራር ይቃኛል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ናቸው። ክር መቃኘት ምን ማድረግ ነው ብለን ብንጠይቅ፣ በገዛ ፈቃዱ የሚጮኸውን ክር ጠምዝዞ ለተፈለገው ድምፅ እንዲገዛ ማድረግ ነው። የ«ቀነየ» ትርጉም ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። «ቃኘ» አካባቢን ማሰስ፣ መሰለል ማለትም ሆኗል፤ የጦር ሠራዊት የፊት ቃኚ ይልካል። አባ ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነበር፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃም የወረሰው ይህንን ስም ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ «ቅኝ ግዛት» ነው። «ቅኝ» የተገዛ፣ የገበረ ማለት ነው፤ የ«ቀነየ» ቀጥተኛ ልጅ። «ቅኝ ግዛት» ስንል አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ እንላለን፦ የግዕዙን «ገዛ» እና የአማርኛውን «ገዛ» ደርበን። ቃሉ የአውሮፓውያንን «ኮሎኒ» ለመተርጎም የዋለ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። «ኮሎኒ» ራሱ ከላቲኑ «ኮሌሬ» ከሚባል ግሥ የመጣ ነው። «ኮሌሬ» ማረስ፣ መሬትን ማልማት ማለት ነው፤ አማልክትን ማምለክ ማለትም ነው። ከዚህ ከአንድ ግሥ በአንድ በኩል «ኮሎኒ» ወጣ፤ በሌላ በኩል አምልኮ ማለት የሆነው «ከልት» ወጣ፤ በሦስተኛው ባህል የምንለው «ካልቸር» ወጣ። እኛ ዘንድ ከአንድ «ቀነየ» በአንድ በኩል ቅኝ ግዛት፣ በሌላ በኩል ቅኔ። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች፣ ሁለት የተለያዩ ግሦች፣ ግን መሬትና ሰው መግዛትም አምልኮም ከአንድ ማሕፀን። ከላቲኑም ከግዕዙም ማንም ማንንም አልኮረጀም። መግዛትና ማገልገል በሰው ሐሳብ ውስጥ የአንድ ገመድ ሁለት ጫፎች ናቸው፤ አንዱን የጎተተ ሌላውን ያንቀሳቅሳል።

ስለዚህ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተዋጋው ሰው ልጅ «ቅኝ አልተገዛንም» እያለ ሲኮራ፣ ያው ሰው ቤተክርስቲያን ሄዶ «ማን ተቀኘ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በአንድ ሥር ሁለት ተቃራኒ ነገር ነው የሚናገረው። ለባዕድ መቀነይ ውርደት፣ ለአምላክ መቀነይ ማዕርግ። በመጀመሪያው ላይ የሚያኮራን አለመሆኑ ነው፤ በሁለተኛው ላይ የሚያኮራን መሆኑ።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል የክፍል ጓደኛ አለኝ፤ ቃል እንደ ጊዜው ይለወጣል፣ ተዉት ይላል። መለወጡን እኔም አልጠላም። «ሰኑይ»ም «ሰኞ» ሆኗል፤ ማንም አላለቀሰም። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መጥተው ከእኛ ጋር ከሚማሩት መካከል አባቱ ወይም አጎቱ ቅኔ ቤት የዋለ ጥቂት አይደለም። ቤቱ «ተቀኘ» የሚለውን በአገልግሎት ትርጉሙ ሰምቶ ያደገ ልጅ ፈተና ላይ «ተቀኘ ማለት ግጥም ገጠመ ማለት ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ምክንያቱም እዚህ የተሰጠው ፍቺ እሱ ነው። የሚያውቀውን ትቶ የማያውቀውን ይጽፋል። እንዲህ ሲሆን የምናጣው አንድ ፍቺ ብቻ አይደለም፤ ከቤቱ ይዞት የመጣው እውቀት እውቀት እንዳልሆነ ነው ልጁ የሚረዳው። ለዚህ ነው የግሡን ጓዳ መክፈት የፈለግሁት። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጣችሁም ብዙ ሩቅ አትሂዱ፤ ለዕረፍት አገራችሁ ስትገቡ ማስታወሻ ደብተር ያዙና ሽማግሌዎቹ «ተቀኘ»ን፣ «ቆጠረ»ን፣ «ዘረፈ»ን በምን በምን ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደሚያስገቡ መዝግቡ። ትርጉሙን አትጠይቋቸው፤ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

አንዲት ትንሽ ምልክትም ልንገራችሁ፤ ስታዳምጡ ትጠቅማችኋለች። በግዕዙ «ተቀንየ» የሚገዙለትን ጌታ የሚያስከትለው በ«ለ» ነው። ከላይ በጠቀስኳቸው በማቴዎስም በመዝሙሩም ላይ እንዲሁ ነው። ማኅሌት የሚያውቅ የአገሬ ሰውም «ለጊዮርጊስ ተቀኘ»፣ «ለእመቤታችን ተቀኘ» ይላል። መጽሔቶቻችን ላይ ግን «ስለ ፍቅር ተቀኘ»፣ «ስለ ዓባይ ተቀኘች» ነው የሚባለው። «ለ» ሲባል ከወዲያ በኩል አገልግሎቱን የሚቀበል አለ። «ስለ» ሲባል ያለው ርእስ ብቻ ነው። ግሡ ከግዕዝ ወደ አማርኛ ሲሻገር ያልጣላትን ፊደል፣ ከቅኔ ማኅሌት ወደ ጋዜጣ ሲሻገር ጥሏታል።